ሹፌሮች፦ ኦሎምፒያ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ማይል ክፍያው መናገር ዋጋ አለው?

ቀይ ፕሪየስ (ሬንተን) · ፌብሩዋሪ 2025

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በዋናነት ለዋሽንግተን ስቴት ልጆች ነው፤ የሌላ ስቴት ሰውም የሚያውቀው ካለ ያዋጣ።

ትናንት ማታ ኤርፖርት ሎት ውስጥ ተደርድረን ስንጠብቅ አንድ ጓደኛዬ ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ። ኦሎምፒያ፣ የስቴታችን ዋና ከተማ፣ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ ቁጥር 1921 የተባለ ረቂቅ ሕግ ሊያይ ነው። ባጭሩ፣ ከቤንዚን የሚሰበሰበው ግብር እየመነመነ ስለሄደ መኪና በነዳው ማይል ልክ ይክፈል የሚል ነው። ዋጋው በማይል 2.6 ሳንቲም። ከ2027 በፈቃደኝነት ይጀመርና ቀስ እያለ ግዴታ ይሆናል። ያቀረቡት ራሳቸው የኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው፣ የታኮማው ጄክ ፌይ።

2.6 ሳንቲም ሲባል ምን አላት ብዬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ደብተር ሳወጣ ግን ሳቁ ጠፋ። የኔዋ ፕሪየስ በጋሎን 50 ማይል ትሄዳለች። የስቴቱ የቤንዚን ግብር በጋሎን 49.4 ሳንቲም ነው። ስለዚህ አሁን በማይል የምከፍለው አንድ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በዓመት 50,000 ማይል እነዳለሁ፤ 494 ዶላር መሆኑ ነው። በአዲሱ ስሌት 1,300 ይሆናል። ቤንዚን ላይ የከፈልኩት ተቀንሶልኝ የምጨምረው 806 ዶላር ነው። አራት ጎማ ከነእጅ ዋጋው በሉት።

ጓደኛዬ «ሂድና ቴስቲፋይ አድርግ»፣ ኮሚቴው ፊት ተናገር፣ ይለኛል። ሁለት ደቂቃ ቢሰጡኝ ነው። በሁለት ደቂቃ እኔ በእንግሊዝኛ ስሜን ፊደል በፊደል ነግሬያቸው አልጨርስም። ደግሞ አንድ የሥራ ቀን መቃጠሉ ነው። ቀርባችሁ የምታውቁ አላችሁ?

ዝም አልልም

ወንድሜ ጊዜህን አታባክን። እነሱ ተነጋግረው ጨርሰው ነው የሚቀመጡት። አንተ ስታወራ ስልካቸውን ነው የሚነካኩት። ያን ቀን ሥራ፤ ቢያንስ 200 ዶላር ይዘህ ትገባለህ።

የድሮ ታክሲ

ቀይ ፕሪየስ፣ እኔ ቀርቤ አውቃለሁ። ከኡበር በፊት ቢጫ ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ እድሜዬን ገምት።

በ2022 ለእኛ ለሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ የወሰነው ረቂቅ ቁጥር 2076 ኮሚቴ ውስጥ በነበረበት ጊዜ ብዙ የኛ ልጆች ተናግረዋል። ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሶማሌው፣ ፑንጃቢው። የዚያን ጊዜው ገዢ ኢንስሊ ፈረሙበት፤ ከሲያትል ውጪ በማይል 1.17 ዶላር፣ በደቂቃ 34 ሳንቲም ተብሎ ተጀመረ። ያኔም «ጨርሰው ነው የሚቀመጡት» የሚል ሰው ሞልቶ ነበር። ዛሬ የሕመም ፈቃዱን ሰዓት እየቆጠረ የሚወስደው እሱው ነው።

አካሄዱን ልንገርህ። ኦሎምፒያ መሄድ ግዴታ አይደለም። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ትመዘገባለህ፣ ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋል። ደጋፊ፣ ተቃዋሚ ወይም ሌላ ብለህ ትመርጣለህ። በዙም መናገር ትችላለህ። መናገር ካልፈለግህም አቋምህን ብቻ ታስመዘግባለህ፣ ያም መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ጽሑፍ መላክ ከፈለግህ ደግሞ ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ይቀበላሉ።

አንድ ሰው የሚያሳስተውን ነገር ልጨምር። ማስታወቂያው ላይ «ኤግዜኩቲቭ ሴሽን» የሚል ታያለህ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ዝግ ስብሰባ መስሎኝ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ፣ ከኦሎምፒያ! በዚህ ስቴት እንደዚያ ሲባል ኮሚቴው በአደባባይ ተቀምጦ ድምፅ የሚሰጥበት ነው። ሕዝብ የሚናገርበት «ፐብሊክ ሂሪንግ» የሚለው ነው። ሁለቱን አታምታታ።

የሴታክ ሌሊት

ጋሼ፣ ከኦሎምፒያ ባዶ ማይል ተመለሱ ማለት ነው? ያንንም በ2.6 ያስቡልዎታል 😂

የድሮ ታክሲ

ሳቅ አንተ። የፓርኪንግ ቅጣትም ነበረው።

ኪያ ኒሮ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ስድብ ካልመጣ።

ረቂቁን ጠልታችሁት ሳይሆን ሂሳቡን ከአንድ ወገን ብቻ እያያችሁት ነው። የቤንዚን ግብሩ ከጁላይ 2016 ጀምሮ 49.4 ላይ ቆሟል። የአስፋልት ዋጋ ግን አልቆመም፣ የሠራተኛ ደሞዝ አልቆመም። መኪናው ደግሞ በየዓመቱ የሚጠጣው እያነሰ ነው። እኔ ራሴ ኤሌክትሪክ ነኝ፣ በዓመት የመኪና ምዝገባ እድሳት ላይ 225 ዶላር እጨምራለሁ እንጂ ለቤንዚን ግብር አንድ ሳንቲም አላዋጣም። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ የሚደርሰውን ድካም ግን እኩል ነው የማደርሰው፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ምናልባት የባሰ።

አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። የኬንቷ እህታችን አሮጌ ሚኒቫን ይዛ ምግብ ታደርሳለች፣ በጋሎን 16 ማይል። እሷ ዛሬ በማይል 3 ሳንቲም ገደማ እየከፈለች ነው። ቀይ ፕሪየስ 1 ሳንቲም። ፕሪየስ የሚገዛው ማነው፣ ሚኒቫን ላይ የቀረውስ ማነው? በ2.6 እና በ49.4 ካሰባችሁት መለያው በጋሎን 19 ማይል ነው። ከዚያ በታች ያለው መኪና አሁኑኑ ከ2.6 በላይ እየከፈለ ነው ያለው፤ እናንተ ስታኩርፉ እሱ ቀድሞ ከፍሎታል።

ገንዘቡስ የት ይገባል ለምትሉ፦ የቤንዚን ግብር ከ1944 ጀምሮ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለመንገድ ብቻ እንዲውል ታስሯል፣ መኪና የሚያሻግሩት የስቴቱ ጀልባዎችም ከመንገድ ይቆጠራሉ። በዚያ ላይ የሳልመን ዓሣ መተላለፊያ ጉዳይ አለ። ስቴቱ ከመንገድ ሥር የቀበራቸው ቱቦዎች ዓሣውን ስለዘጉ የነባሩ ሕዝብ ጎሳዎች ከስሰው በ2013 ፍርድ ቤት አስተካክሉ ብሏል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞቹ 4 ለ 4 ተከፍለው ውሳኔው ጸና። ይህ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው፣ አማራጭ የሌለው ወጪ።

ዝም አልልም

እኛ ለዓሣ ድልድይ እየሠራን ነው በለኛ።

ኪያ ኒሮ

በአጭሩ አዎ። ከጎሳዎቹ ጋር የዓሣ ማጥመድ ውል ነበረ፣ ውሉ ተጣሰ።

ቀይ ፕሪየስ (ሬንተን)

ኪያ፣ ስድብ የለም፣ እንዲያውም አመሰግናለሁ። የሚኒቫኗን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነህ።

ግን የኔ ነገር ከእሷም ከአንተም ይለያል። ማታ ከዳውንታውን አንድ ሰው ይዤ ሴታክ ኤርፖርት አደርሳለሁ። ለመሄጃው ይከፈለኛል። ሎቱ ከሞላ ባዶ እመለሳለሁ። 2076 ያስከፈለልን ተሳፋሪ መኪናው ውስጥ ላለበት ማይል ብቻ ነው። ይኼኛው ረቂቅ ግን ኦዶሜትሩን፣ የመኪናውን ማይል ቆጣሪ፣ ነው የሚያየው። ኦዶሜትር ሰው ጫነ አልጫነ አያውቅም። ስለዚህ ያልተከፈለኝን ማይል እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ጻፍኩት። 212 ማይል ነዳሁ፣ ሰው የነበረበት 121 ብቻ ነው። 91ዱ ባዶ።

የሴታክ ሌሊት

91 ባዶ ማይል! ባለቤትህ እንዳታይ ይህን ፖስት።

ሰላም ኬንት

ይቅርታ ከርእስ ውጪ ነው፣ ለኮሮላ የሚሆን የበረዶ ጎማ የሚሸጥ አለ?

አወያይ

ሰላም ኬንት፣ የሽያጭ ክፍል አለ፣ እዚያ። ክሩን አታበላሹብን።

ጥላሁን ሠፈር

ማንም የማያነሳውን ላንሳ፦ ማይሉን የሚቆጥሩት እንዴት ነው? መኪናዬ ላይ ጂፒኤስ ሊሰኩ? እኔ ከመንግሥት ሸሽቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ የት ዋልክ ተብዬ እንድጠየቅ አልፈልግም።

የሴታክ ሌሊት

ጥላሁን፣ ስልክህ ላይ ሁለት አፕ ከፍተህ ነው እኮ ይህን የምትጽፈው። የት እንዳለህ ቀርቶ ለሽንት የቆምክበትን ማደያ ያውቃሉ።

የድሮ ታክሲ

አትቀልዱበት፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ኩባንያ ሲያውቅና ስቴት ሲያውቅ አንድ አይደለም። ሌላ ቦታ የሠሩት ኦዶሜትር ፎቶ አንስቶ መላክንም አማራጭ ያደርጋሉ፤ የማይል ክፍያውን ራሱን ኦሪገን በ2015 በፈቃደኝነት ጀምሮታል። ያለ ጂፒኤስ መክፈል የሚቻልበት መንገድ በሕጉ ተጽፎ ይቀመጥ ብሎ መጠየቅ አንድ የሁለት ደቂቃ ንግግር ነው። ጥላሁን፣ አንተም ተመዝገብ።

ሚኒያፖሊስ ብርዱ

የውጪ ሰው ነኝ፣ ይፈቀድልኝ።

እኛ ጋ የሆነውን ታሪክ ሳትሰሙ አልቀራችሁም ግን ኮሚቴን በተመለከተ ልንገራችሁ። በ2023 የሹፌር ክፍያ ሕግ የሚኒሶታን ስቴት ምክር ቤት አለፈ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ገዢው ዎልዝ ቪቶ አደረጉት፤ ሥልጣን ከያዙ የመጀመሪያ ቪቷቸው ነበረች፣ በእኛ ላይ አሟሿት። ያን ቀን ብዙ ልጅ «ከዚህ በኋላ ፖለቲካ በቃኝ» ብሎ ቤቱ ገባ።

በ2024 የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት በራሱ አወጣ፣ ከንቲባው ቪቶ አደረጉ፣ ምክር ቤቱ 10 ለ 3 ሻረው። ኡበርና ሊፍት ሜይ 1 ከተማውን ለቀን እንሄዳለን አሉ፣ ከዚያ ጁላይ 1 አሉ። ስቴቱ መሐል ገባ። ሜይ መጀመሪያ ላይ በማይል 1.27 በደቂቃ 49 ሳንቲም የሚል ስምምነት ወጣ፣ ኩባንያዎቹ እምቢ። በመጨረሻ ሰዓት 1.28 በማይልና 31 ሳንቲም በደቂቃ ላይ ተቋጨ። ከተሞች የራሳቸውን እንዳያወጡም ተከለከሉ። ደቂቃዋን በሉብን፣ ማይሏን ሰጡን። ግማሹ ሰው ዛሬም ይነጫነጫል፣ እኔም አንዳንድ ቀን።

ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ክርክር የተካሄደው በቁጥር ነው። የስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጥናት አውጥቶ ነበር፣ በማይል 89 ሳንቲም በደቂቃ 49 የሚል። እሱ ከወጣ በኋላ «ተቸግረናል» የሚል ንግግር ሰሚ አጣ፣ ሁሉም ወደ ጥናቱ ነበር የሚያመለክተው። ስለዚህ ቀይ ፕሪየስ፣ ያቺ 212 እና 121 ያልካትን ይዘህ ቅረብ። ሁለት ቀን አታድርጋት ግን፣ አንድ ወር አድርጋት።

ዝም አልልም

ስለዚህ ሁለት ዓመት ታግላችሁ ያገኛችሁት ስምምነት ከተደረገበት ያነሰ ነው። አላልኩም?

ሚኒያፖሊስ ብርዱ

ከዜሮ ይበልጣል ወንድሜ። በ2022 የደረሰኝ ዋጋ ይታወሰኛል።

እናት አሌክሳንድሪያ

ልጆች፣ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ባለቤቴ ነጂ ነው፣ ወረቀቱን የምሠራው ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የመኪና ወረቀት የሚባል ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል።

እኛ ጋ ይህ ነገር አለ። ነዳጅ ቆጣቢና ኤሌክትሪክ መኪና እድሳት ላይ በዓመት አንድ ቁርጥ ክፍያ ይከፍላል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የፈለገ በማይል ይክፈል ተባለ። ትንሽ የሚነዳ ጡረተኛ ይጠቀማል። ብዙ የሚነዳ ግን አይጎዳም፣ ምክንያቱም በማይል የሚከፈለው ከዓመታዊው ቁርጥ አይበልጥም። ጣሪያ አለው። ባለቤቴ በማይል ቢመዘገብ በጥቂት ወር ጣሪያውን ይነካና ያቆማል።

የእናንተ ረቂቅ ላይ ያየሁት ችግር 2.6ቷ አይደለችም፣ ጣሪያ የሌላት መሆኗ ነው። «ተቃዋሚ ነኝ» ብለህ አትቅረብ፣ ይቅርታ አድርግልኝና። ተቃዋሚው ብዙ ነው፣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ያቀረቡትን ረቂቅ አንተ ስለተቃወምክ አይጥሉትም። «ሌላ» የሚለውን ምረጥና አንድ ነገር ጠይቅ፦ ለሥራ የሚነዳ መኪና ጣሪያ ይኑረው።

ቀይ ፕሪየስ (ሬንተን)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህ ነው የጠፋብኝ።

ልጻፈውና አርሙልኝ። በአማርኛ ጽፌ የእህቴ ልጅ ትተረጉምልኛለች፦

«ክቡር ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት። እኔ ከኢትዮጵያ የመጣሁ ስደተኛ ነኝ፣ ለ9 ዓመት ሹፌር ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ መንገድ እንደሚያስፈልግ አምናለሁ፣ ሆኖም ግን ይህ ረቂቅ በእኛ በሠራተኛው ላይ ከባድ ጫና የሚፈጥር ስለሆነ…»

እናት አሌክሳንድሪያ

አቁም አቁም። 30 ሰከንድህ ሄደ፣ ገና ምንም አላልክም። ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፣ ግን ከዚህ አውጣቸው።

የድሮ ታክሲ

ልክ ናት። እኛ ሰላምታ ሳናስረዝም ነገር አንጀምርም፣ እነሱ ደግሞ ፊታቸው የሚቆጥር ሰዓት አለ። ጥያቄህን አስቀድም፣ ማንነትህን አስከትል።

ኪያ ኒሮ

ከተፈቀደልኝ እኔ ልሞክር። ረቂቁን እደግፋለሁ እንጂ ጣሪያውን አልቃወምም፦

«ይህ ረቂቅ ለኑሮው የሚነዳ ሰው በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ እንዲኖረው እጠይቃለሁ። ሬንተን የምኖር የኡበርና የሊፍት ሹፌር ነኝ። በዓመት 50,000 ማይል እነዳለሁ። በቤንዚን ግብር 494 ዶላር እከፍላለሁ፤ በዚህ ረቂቅ 1,300 ይሆናል። የስቴቱ ሕግ የሚያስከፍልልኝ ተሳፋሪ ላለበት ማይል ብቻ ነው። በሁለት ቀን 212 ማይል ነድቼ ያልተከፈለኝ 91 ነው። ለባዶውም እኔ ልከፍል ነው። ቨርጂኒያ በማይል የሚከፍል ሰው ከዓመታዊው ክፍያ በላይ እንዳይከፍል ጣሪያ አድርጋለች። እንዲሁ አድርጉ።»

ጮክ ብዬ ሳነበው አንድ ደቂቃ አይሞላም። የቀረህን ጊዜ በቀስታ ለመናገር ተጠቀምበት።

ቀይ ፕሪየስ (ሬንተን)

ኪያ፣ አንተ ደጋፊ ሆነህ የኔን ጻፍክልኝ። ቡና አለብኝ።

የሴታክ ሌሊት

በኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲፈላ 😂

ጥላሁን ሠፈር

እኔም ተመዘገብኩ። ሁለት መስመር ነው የጻፍኩት፣ የጂፒኤሱን።

ቀይ ፕሪየስ (ሬንተን) · ከስብሰባው ማግስት

ሪፖርት ላድርግ፣ ቃል ስለገባሁ።

በዙም ገባሁ፣ ኤርፖርት ሎት ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ። ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ ከታች ቱታ ነው። ስልኩን መሪው ላይ አቆምኩት። ሁለቱንም አፕ አጠፋሁ፣ ጥሩ ጉዞ ሲመጣ ልቤ እንዳይሰረቅ። ተመዝጋቢው ብዙ ነው። ከተማዎችን የወከሉ፣ መንገድ ሠሪዎች፣ የጂፒኤስ ነገር ያስፈራቸው ከገጠር የመጡ ሰዎች፣ ሁሉም በየተራ። ጎኔ የቆመው ሰውዬ መስታወት ያንኳኳል፣ «ወረፋው ተንቀሳቅሷል ንዳ እንጂ» እያለ። ዙም ላይ ሆኜ መኪና ማንቀሳቀስ ደግሞ አልፈልግ፤ ስለ መንገድ ሕግ እያወሩ እኔ በቪዲዮ ስነዳ ቢያዩኝ!

ተራዬ ሳይደርስ ጊዜው አለቀ። ስሜ አልተጠራም።

መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። ዝም አልልም፣ አንተ ትዝ አልከኝ፣ ልቀበልህ ትንሽ ቀረኝ። ከዚያ ጋሼ 24 ሰዓት አለህ ያሉት ታወሰኝ። ጽሑፉን እዚያው ሎት ውስጥ ላክሁት። የደረሰኝ መልስ «ተቀብለናል» የሚል የማሽን ኢሜይል ነው።

ዝም አልልም

አልስቅብህም። ቢያንስ ላክህ። እኔም ትናንት አቋሜን አስመዝግቤያለሁ፣ ተቃዋሚ ብዬ። አንድ ደቂቃ ነው የወሰደብኝ፣ ለማንም አታውሩ።

የድሮ ታክሲ

ተራ አለመድረስ ያለ ነው፣ በ2022ም ሆኗል። የወረዳህ ተወካዮች ሁለት ናቸው፣ ሴናተሩ አንድ። ያንኑ ጽሑፍ ለሦስቱም በስማቸው ላክ። ኮሚቴ ላይ ያልተነበበ ወረቀት በቢሮ ሠራተኛ በኩል ይነበባል።

እናት አሌክሳንድሪያ · ጁላይ 2025

ክሩን ልቀስቅሰው። ምን ደረሰ ያ ነገር?

ኪያ ኒሮ

1921 በዚያ ጉባኤ አላለፈም። በምትኩ ምክር ቤቱ ቀላሉን መንገድ ያዘ፦ የቤንዚን ግብሩን በ6 ሳንቲም ጨመረ። ገዢው ፈርገሰን ሜይ ላይ ፈረሙ፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ በጋሎን 55.4 ሳንቲም ሆኗል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ 2 በመቶ ይጨምራል። ናፍጣ ላይ ከዚያ በላይ ነው።

ያቺ የኬንቷ ሚኒቫን አሁን በማይል 3 ሳንቲም ተኩል ገደማ ትከፍላለች። እኔ ኤሌክትሪኩ ያው 225። ማን እንደተጎዳ ቁጠሩት።

ቀይ ፕሪየስ (ሬንተን)

እኔ ላይ በዓመት 60 ዶላር ጨመረ። 806 ከመሆን ይሻላል፣ ግን የሚኒቫኗን ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ከኪያ ጋር ባልከራከር ኖሮ ዛሬ ፈንጠዝያ ላይ ነበርኩ።

አንድ መልስ መጥቶልኛል። ከተወካዮቹ የአንዷ ቢሮ ሠራተኛ ደውላ የ91ዱን ባዶ ማይል ነገር እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። «ኩባንያው አይከፍልህም?» አለችኝ። አያውቁትም ነበር። ሃያ ደቂቃ አወራን። የአንድ ወር መዝገብ አለህ ወይ አለችኝ፤ ሚኒያፖሊስ፣ አንተን ባለመስማቴ አፈርኩ። አሁን ደብተሩ ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

ሚኒያፖሊስ ብርዱ

አልኩህ።

የድሮ ታክሲ

ረቂቁ አልሞተም፣ ይህን እወቁ። የምክር ቤቱ ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያላለፈ በጃንዋሪ በዚያው ቁጥር ተመልሶ ይነሳል። የ2026ቱ ጉባኤ ደግሞ አጭር ነው፣ 60 ቀን። ነገር በፍጥነት ያልፋል።

ኪያ ኒሮ

ስለዚህ ጽሑፉን አሁኑኑ አስተካክለው። የቤንዚን ግብሩ ስለተቀየረ 494 የሚለው 554 ይሆናል። ልዩነቱም 806 ሳይሆን 746። አሮጌውን ቁጥር ይዘህ ብትቀርብ መጀመሪያ የሚይዙህ እዚያ ላይ ነው።

ቀይ ፕሪየስ (ሬንተን)

አስተካከልኩት። 212 እና 91ንም አውጥቻለሁ፣ የወሩ ሲሞላ አዲሱን አስገባለሁ። እስካሁን 11 ቀን ጽፌያለሁ።

ሰላም ኬንት

የበረዶ ጎማውን አግኝቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ደግሞ እኔም ሚኒቫን ነው የገዛሁት፣ ኮሮላዋን ሸጬ። በጋሎን 17 ማይል። የት ነው የምመዘገበው?